ረግረግ የነበረው ሜዳ ውሃ ሲጠማው

በፖርቱጋል ደቡባዊ ጫፍ አልጋርቭ የምትባል አውራጃ አለች፤ ስሟም ምዕራብ ማለት ከሆነው የዐረብ ቃል የወጣ ነው። አንባቢዎቻችን ፖርቱጋልን የሚያውቋት ይልቁንም በ1541 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) 400 ያህል ወታደሮች አስከትሎ በምጽዋ በኩል በገባው በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ታሪክ ነው። የዛሬው ነገራችን ግን የጦር አይደለም፤ የጨዋታ፥ የምሳና የውሃ ነው።

አልጋርቭ በዓመት 3000 ሰዓት ያህል ፀሓይ ታገኛለች። ቀድሞ ሕዝቧ የሚተዳደረው ሰርዲን እያጠመደና በቆርቆሮ እያሸገ፥ በለስና ብርቱካንም እየሸጠ ነበር። በ1965 የፋሮ አውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተ፤ በሚከተለውም ዓመት ከፖርቲማዎ ከተማ አጠገብ ፔኒና የተባለው የጎልፍ ሜዳ ተመረቀ። ሜዳውን የነደፈው እንግሊዛዊው ሄንሪ ኮተን ሲሆን፥ እርሱም በ1934፥ በ1937 እና በ1948 የብሪታንያን ታላቅ የጎልፍ ውድድር ያሸነፈ ሰው ነበር። ቦታው ረግረጋማ የሩዝ እርሻ ስለ ነበረ ኮተን ውሃውን እንዲመጡለት ባሕር ዛፍ ጭምር እጅግ ብዙ ዛፎችን አስተከለ። (ባሕር ዛፍ ውሃ እንደሚወድ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያሻም።) ኮተን ፓሲፊኮ የተባለ አህያም ነበረው፤ የጨዋታውን ዱላዎች የሚሸከምለት እርሱ ነበር።

ለነጋዴ የሚጠቅመው ቁም ነገር የወራቱ አቀማመጥ ነው። ባሕር ወዳዱ እንግዳ በበጋ መጥቶ በመስከረም ይሄዳል፤ ጎልፍ ተጫዋቹ ግን የአገሩን ብርድ ሸሽቶ በመከርና በጸደይ ይመጣል። ስለዚህ ሆቴሉ በክረምት በሩን አይዘጋም፥ አስተናጋጁም ከሥራ አይባረርም። ዛሬ በአውራጃይቱ 40 ያህል ሜዳዎች ይገኛሉ፤ በታላላቆቹ ላይ አንድ ቀን ለመጫወት ከ100 ዩሮ በላይ ይከፈላል።

ይህን ያህል የከፈለው እንግዳ ግን ለምሳ የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ የወረቀት ምንጣፍ የተነጠፈበትን ተራ ምግብ ቤት ነው፤ ምርጫውም በእኔ አስተያየት ትክክል ነው። በፖርቲማዎ ወንዝ ዳር ሰርዲኑ ሳይቈራረጥ ደረቅ ጨው ተነስንሶበት በከሰል ላይ ይጠበሳል፤ ከተቀቀለ ድንችና ከሰላጣ ጋራ ይቀርባል፤ አንዳንዱም ስቡን የመጠጠውን ዳቦ ለመጨረሻ ያቈየዋል። በአልቡፌይራ አጠገብ ያለችው ጊያ የተባለች መንደር ደግሞ በዶሮ ጥብስ የታወቀች ናት። ዶሮው የሚታሸው ፒሪ ፒሪ በተባለው ትንሽ ቃሪያ ነው፤ ቃሉም በስዋሂሊ ፒሊፒሊ ከሚባለው ጋራ ዝምድና አለው፤ በርበሬ የለመደ ሰውም በዚህ አይደነግጥም። እንግዳው ሳያዝዝ ዳቦና ወይራ በጠረጴዛው ላይ ይቀመጥለታል፤ ይህን ካልጠየቀና ካልነካው ዋጋውን የመክፈል ግዴታ የለበትም። ብዙ መንገደኛ ግን ይህን ሳያውቅ ይከፍላል።

አሁን የሚያስጨንቀው የውሃው ነገር ነው። ከብዙ ዓመት ድርቅ በኋላ በ1916 ወይም በሌላ ጥንታዊ ዘመን ሳይሆን በቅርቡ፥ በ2024 መጀመሪያ፥ መንግሥት በአልጋርቭ የውሃ ፍጆታ ላይ ገደብ ጣለ፤ ይኸውም ለእርሻ 25 በመቶ፥ ቱሪዝምን ለሚያጠቃልለው ለከተማው ክፍል 15 በመቶ እንዲቀነስ ነበር። በሲልቬሽ ዙሪያ ብርቱካን የሚያለሙ ገበሬዎች ቅር ቢሰኙ አያስደንቅም፤ ዛፍ በአንድ በጋ ከደረቀ በሚመጣው ዓመት አይተካም፥ ሣር ግን ይዘራል። ሆቴለኞችም በበኩላቸው ሜዳው ቢቢጥ የክረምቱ እንግዳ ወደ ስፔን እንደሚሄድ ይናገራሉ፤ ይህም ሐሰት አይደለም። በዚያው ዓመት ዝናብ ስለ ዘነበ ገደቡ ላላ።

አንዳንድ ሜዳዎች ከከተማ የሚወጣውን ፍሳሽ አጣርተው ለሣሩ ያውሉታል። ለመጠጥ የማይሆን ውሃ ለጨዋታ ሜዳ መዋሉ ብልኅ አሠራር ነው፤ ነገር ግን ከማጣሪያው እስከ ሜዳው ቧንቧ መዘርጋት ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። የባሕሩን ውሃ ከጨው የሚለይ ፋብሪካ በአልቡፌይራ አጠገብ ለመሥራትም ታቅዷል፤ በዚህ መንገድ የሚገኘው ውሃ ግን ከግድብ ከሚቀዳው ይልቅ በዋጋ ይከብዳል፤ ገበሬውም አስቀድሞ የሚጠይቀው ሂሳቡ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው።