ችግኝ በመዝገብ፣ ድምፅ በምስጢር

ሚዛን ተፈሪ፤ ዛሬ ከአማን ጋር ተዋሕዳ ሚዛን አማን ከምትባለው ከሚዛን ተፈሪ ከተማ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር፣ ክረምቱ ሲጠና የገበሬው ዋና ተግባር ችግኝ መትከል ነው። ችግኙ ከማፍያ ጣቢያ ወጥቶ በየቀበሌው ይከፋፈላል። ለማን ስንት እንደሚደርሰው የሚያውቀው መዝገቡን የያዘው መሪ ነው። ምርጫ በሚደርስበት ዓመት ደግሞ ሕዝቡ ተመዝግቦ ድምፅ እንዲሰጥ የሚቀሰቅሰው ያው መሪ ይሆናል። እነዚህ ሁለት ሥራዎች በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ችግኙ የድምፅ ዋጋ እንዳይሆን ምን መደረግ አለበት? ይህ ጥያቄ በቅድሚያ የሚመለከተው በአፍ ልማድ እስከ ዛሬ ገበሬ ማኅበር የምንላቸውን የገጠር ቀበሌዎች መሪዎች ነው።

በመሪው እጅ የሚያልፈው ችግኝ ብቻ አይደለም። የመታወቂያ ወረቀት፣ ለብድር የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የመሬት ልኬታ፣ የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ዝርዝር፣ የወሰን ክርክር ምስክርነት፣ ሁሉም በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በኩል ያልፋል። ስለሆነም በገጠር መሪውን ማስቀየም ቀላል ነገር አይደለም። ገበሬው ድምፁን ለሰጪው ወገን ቢሰጥ ሞኝ ሆኖ አይደለም። የዘንድሮውን ዘርና የልጆቹን ጉሮሮ አስቦ ነው።

ሆኖም የሚሰጠው ነገር የማን እንደሆነ መመርመር ያሻል። ለምሳሌ ያህል የቡናን ዘር እንመልከት። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ከደቡብ ምዕራብ የቡና ደኖች ተፈልገው፣ በጅማ የምርምር ጣቢያ ተፈትነው ለገበሬው ተሠራጩ። 74110 እና 74112 በሚባሉ ቁጥሮች የሚታወቁት ዝርያዎች እናት ዛፋቸው የተገኘው በኢሉባቦር በመቱ አካባቢ ነው። እንግዲህ ዘሩ የዚሁ አገር ገበሬ ያቆየው ቅርስ ነው። የተመራማሪው ደመወዝና የማፍያ ጣቢያው ወጪም ከሕዝብ ገንዘብ የሚከፈል ነው። በመሆኑም ችግኝ የሚያከፋፍል ሹም የሕዝቡን ንብረት ለሕዝቡ ያደርሳል እንጂ ከራሱ ቆርሶ አይሰጥም።

ድምፅንና እንጀራን ማቆራኘት ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት በመስከረም 1950 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ ሲደረግ፣ ለምክር ቤት እጩ ለመሆን በምርጫው ክልል ሕግ የወሰነው ያህል ንብረት ያስፈልግ ነበር። ጭሰኛው መምረጥ ቢፈቀድለትም ከፊቱ የሚቀርበው ባለንብረቱ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ቢያንስ በሃያ ጋሻ መሬት ላይ የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋምና አባላቱ መሪዎቻቸውን እንዲመርጡ አደረገ። ይሁን እንጂ በ1979 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲካሄድ በአገሪቱ የነበረው ፓርቲ አንድ ብቻ ነበር። ባለመሬቱ ቢሄድም መሬትን፣ ግብዓትንና ሹመትን በአንድ ሰንሰለት የማስተሳሰሩ ልማድ አልሄደም።

ልዩ ልዩ ፓርቲዎች በሕግ ከተፈቀዱም ወዲህ ይኸው ሰንሰለት ታይቷል። በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች ከ170 በላይ አገኙ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የኢሕአዴግ አባላት ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአራት ሚሊዮን በላይ ደረሰ። የቀበሌ ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው 300 ያህል አባላት እንዲኖራቸው ተደርጎ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ሲካሄድ፣ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ የነበሩት የአካባቢ ምክር ቤት ወንበሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ። በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ የፓርላማ መቀመጫዎች 545ቱ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉም የእነርሱ ሆኑ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ዓለም አቀፍ የመብት ድርጅት በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድርና የሴፍቲኔት ዕርዳታ የገዥው ፓርቲ ደጋፊ ላልሆኑ ገበሬዎች የተከለከለባቸው ቦታዎች እንዳሉ ገለጸ። መንግሥት ግን ሪፖርቱን አልተቀበለውም።

እዚህ ላይ የአሠራሩን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። ማስፈራሪያ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የስም ዝርዝር ቅደም ተከተል ብቻ ይበቃል። ችግኝ ሲያንስ ከዝርዝሩ ግርጌ ያለው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ለምን ግርጌ እንደ ወረደ ግን የሚነግረው የለም። ጎረቤቱም ይህን አይቶ ዝም ማለትን ይማራል። ከዚህም ሌላ የአንድ ሰው ድምፅ ምስጢር ቢሆንም የጣቢያው ውጤት በይፋ የሚለጠፍ በመሆኑ፣ ቀበሌው ለሌላ ወገን ድምፅ ቢሰጥ መንገዱ ወይም የውሃ ጉድጓዱ ይቀርብናል የሚል ስጋት በመንደሩ ሁሉ ያድራል።

ጉዳዩ በዚህ አካባቢ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋር በአንድ ክልል ለመደራጀት ሕዝባቸው በከፍተኛ ድምፅ ወሰነ። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። የክልሉም መቀመጫ ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለተርጫ ተከፋፈለ። አዲስ ክልል ማለት አዲስ ሹመት፣ አዲስ በጀትና አዲስ ቅጥር ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የቆየ አባባል የሚፈተነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። የአስተዳደር ወንበር የእንጀራ በር ብቻ ሆኖ ሲታይ የሚያስከትለውን ጉዳት የቴፒ ሕዝብ ያውቀዋል። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. የየኪ ወረዳ በማን ይተዳደር በሚለው ጥያቄ ሳቢያ በተነሣው ግጭት ብዙ የሸኮና የመዠንግር ተወላጆች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ይህን ችግር ለማቃለል ሌሎች አገሮች የተከተሉት መንገድ ለእኛም ትምህርት ይሰጣል። በሜክሲኮ አንድ ፓርቲ ለ71 ዓመታት ያህል ከገዛ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 በምርጫ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ በወጣ ሕግ በማኅበራዊ ዕርዳታ ማስታወቂያዎች ላይ ሁሉ ዕርዳታው የሕዝብ እንጂ የማንም ፓርቲ አለመሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲሰፍር ተወሰነ። በሕንድ በራጃስታን ክፍለ ሀገር ደግሞ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ተሰብስበው የመንግሥት ሥራ የክፍያ መዝገብ በአደባባይ እንዲነበብ አደረጉ። ያልሠራ ሰው ስምና ያልተከፈለ ገንዘብ በመዝገቡ ላይ ተገኘ። መዝገቡን ያጋለጠው የተማረ ኦዲተር ሳይሆን ስሙ ሲጠራ የሰማ ገበሬ ነው።

ስለዚህ የቀበሌ መሪዎች ሌላ መመሪያ ሳይጠብቁ ሊፈጽሟቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ችግኝ ወይም ዘር ሲመጣ ከወረዳ የተረከቡት ብዛትና የተረካቢዎች ስም ከማከፋፈሉ በፊት በስብሰባ ላይ ይነበብ፣ በጽሕፈት ቤቱም በር ላይ ይለጠፍ።

ሁለተኛ፣ የአሰጣጡ መለኪያ አስቀድሞ ይወሰን። የተቆፈረ የመትከያ ጉድጓድና የተዘጋጀ የጥላ ዛፍ ይቆጠር። ባል የሞተባቸው እናቶችና አቅመ ደካሞች ድርሻቸው ይታወቅ። የፓርቲ አባልነት ግን መለኪያ አይሁን።

ሦስተኛ፣ የፓርቲ ስብሰባና የግብዓት እደላ በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ አይደረጉ። በድምፅ መስጫው ሳምንት የብድርም ሆነ የችግኝ ምዝገባ አይካሄድ።

አራተኛ፣ የመንገድና የውሃ ሥራ ዕቅድ ከምርጫው በፊት በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ከምርጫ በኋላ ተራው የተለወጠበት ቀበሌ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ለወረዳው፣ ካስፈለገም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ለማለት ይችላል።

አምስተኛ፣ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የመራጩ ስም እንደማይጻፍ ለሕዝቡ በግልጽ ይነገር። የድምፅን ምስጢርነት ያረጋገጠው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ነው። የማን ምልክት ላይ አኖርክ ብሎ ለመጠየቅ አባወራም ሆነ ሊቀመንበር መብት የለውም።

ከመሪው ሌላ መራጩም የራሱ መለኪያ ያስፈልገዋል። የቡና ችግኝ ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያ ፍሬውን ለማየት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሥራ ዘመን ደግሞ አምስት ዓመት ነው። ስለዚህ በምርጫ ዋዜማ የተሰጠ ችግኝ ከሚቀጥለው ምርጫ በፊት ያፈራል ማለት ነው። መሪው በነዚያ ዓመታት ባለሙያ ልኮ ነበር ወይ? በሽታ ሲገባ የት ነበር? እሸት ቡናው ለገበያ ሲደርስ ሚዛኑ ትክክል እንዲሆን ተከራክሯል ወይ? ድምፅ የሚሰጠው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እንጂ በእደላው ቀን በታየው ፈገግታ መሆን አይገባውም።

የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ሳይደረግ ተራዝሟል። ሕዝቡ መሪውን በድምፁ የሚጠይቅበት ጊዜ ሲርቅ መዝገቡን በአደባባይ ማንበብ የበለጠ ያስፈልጋል። ዝርዝሩን ያለ ስጋት በሕዝብ ፊት የሚያነብ መሪ ስለ ምርጫው ቀን አይጨነቅም። ስሙ ሲጠራ የሰማና ድርሻውን የተረከበ ገበሬም ወደ ድምፅ መስጫው ሲገባ የሚፈራው ሰው አይኖርም።