«ምንም አልነካትም» ስትሉ ከጀርባ የሚሆነው

ጠጋ በሉ። አለቃዬ ይሄን ማውራቴን ቢሰማ ደስ አይለውም። ግን መኪና ነጋዴ ቤት የሚውል ሰው፣ ሰዎች በገዛ አፋቸው ገንዘባቸውን ሲያጡ እያየ ዝም ማለት ይከብደዋል።

መኪናችሁን ልትሸጡልን፣ ወይም በላይዋ ጨምራችሁ በሌላ ልትቀይሩ ስትመጡ አለቃችን አንድ ጥያቄ አለችው። እጅ ጨብጦ፣ የቤተሰብ ደኅንነት ጠይቆ፣ ወንበር ስቦ ከሰጠ በኋላ እንደ ዋዛ ጣል ያደርጋታል። «መቼም የነካት ነገር የለም አይደል?»

መልሱን ፈልጎ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያውቀዋል።

መኪና የምናስቆምበትን ቦታ አስተውላችሁታል? ከበሩ በስተቀኝ ነው። ለእንግዳ እንዲመች አይደለም። ጠዋት ፀሐይ ጎኗን የሚመታት እዚያ ስለሆነ ነው። ድጋሚ የተቀባ በርና የፋብሪካ ቀለሙን የያዘ በር በጎን ብርሃን እኩል አያበሩም። እናንተ ሞተር አጥፍታችሁ እስክትወርዱ የትኛው በር እንደተቀባ ታይቷል።

ከዚያ ኮፋኖ ይከፈታል። ባለቤቱ ሁሉ ሞተር የሚታይ ይመስለዋል። የሚታየው ፓራፋንጎውን የያዘው ብሎን ነው። የብሎኑ ጭንቅላት ላይ ያለው ቀለም ከተላጠ ቁልፍ ገብቶበታል፤ ፓራፋንጎው ወርዶ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ መስታወት። ጥጉ ላይ ያለችው ጥቃቅን ጽሑፍ ዘመኑን የምትጠቁም ምልክት አላት። ሦስቱ ተስማምተው አራተኛው ከተለየ፣ ያ በር የሚያወራው አለው። ቀጥሎ የበሩ ጎማ፤ ጣት ጠርዙን ሲዳስስ ደቃቅ ቀለም ተረጭቶበት ከሆነ ይሻክራል። መጨረሻ ላይ ከኪስ የምትወጣ የቀለም መለኪያ አለች። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው። ስቱኮ የተሞላ ቦታ ላይ ስትለጠፍ ቁጥሩ ወደ ብዙ መቶ ይዘላል፤ ከ1000 የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። መለኪያ የሌለው ነጋዴ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞራል፤ ስቱኮው ወፍራም ከሆነ ማግኔቱ አልይዝ ብሎ ይንሸራተታል።

አንድ ደግሞ በጣም የምወዳት አለች። የሞተር መብራት በርቶባችሁ፣ ጠዋት ጋራዥ ጎራ ብላችሁ በማሽን አስጠፍታችሁ መጣችሁ እንበል። እኛም ማሽን እንሰካለን። ኮዱ ሲሰረዝ መኪናዋ በራሷ ላይ የምታካሂዳቸው ፍተሻዎችም አብረው ይሰረዛሉ፤ እንደገና እስኪሟሉ በደንብ መነዳት አለባት። ማሽኑ «ፍተሻው አልተጠናቀቀም» ሲለን መብራቱ በቅርቡ መጥፋቱን እንጠረጥራለን።

አሁን ዋናው ነገር። ይሄን ሁሉ ካየ በኋላ አለቃችን ምን ይላል?

ምንም። ሻይ ያዛል።

ሒሳቡን ግን በሆዱ ቀይሯል። ዋጋችሁን የሚበላው የበሩ ጉዳት አይደለም፤ አለመነገሩ ነው። የበሩ ባቲላሜራና ቀለም 30 ሺህ ብር ይፈጃል እንበል። እናንተ ከነገራችሁት የሚቀንሰው 30 ሺህ ነው። ራሱ ሲያገኘው ግን «በሩን የደበቀኝ ሰው ካምቢዮውንስ?» ይላል። ለበሩ ይቀንሳል፣ ለካምቢዮው ይቀንሳል፣ ገና ላላየውም ይቀንሳል። ምክንያቱን አይነግራችሁም። «ገበያው ቀዝቀዝ ብሏል ወንድሜ» ነው የሚላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በደንብ የተያዘች ኮሮላ ፈላጊዋ ብዙ ነው። ስለዚህ ስለ ኮሮላችሁ «ገበያው ቀዝቅዟል» ከተባላችሁ ወደ መኪናዋ ዞር ብላችሁ እዩ። አንድ ነገር ተገኝቶባታል።

በቅርቡ አንዲት ትልቅ ሴት ቪትዛቸውን ይዘው መጡ። ገና ሳይቀመጡ፣ «ልጄ፣ አስቀድሜ ልንገርህ» አሉ። «የኋላው ፓራውልትና የግራው በር የኔ ሥራ ነው። ወደ ኋላ ስወጣ ከግቢያችን በር ጋር አጋጨኋት። በሩን አሠርቼዋለሁ፣ ፓራውልቱ እንዳለ ነው።» ስልካቸውን አውጥተው በሩ ሳይሠራ በፊት የነበረውን ፎቶ አሳዩ፤ የጋራዡን ደረሰኝም ከቦርሳ አወጡ።

አለቃችን መለኪያውን ኪሱ መለሰ። ጎንበስ ብሎ በሩን ዳበስ አደረገና «ይሄማ ቀላል ነው እትዬ» አለ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ፤ ስለ ፍሪሲዮኑ፣ ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ ጎማው ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቃቸው፤ የነገሩትንም እንዳሉት ጻፈ። ሻጩ ሌላ ሰው ቢሆን የሚናገረውን ሁሉ ይጠራጠር ነበር። ለፓራውልቱ የቀነሰው እኛ ለራሳችን ባለሙያ የምንከፍለውን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሥራ ስለማናቋርጥበት ከውጭው ዋጋ ያነሰ ነው የሚያስከፍለን። ይሄም ሌላ ምስጢር ነው። እኛ በርካሽ የምናሠራውን እናንተ በውድ አሠርታችሁ አትምጡ።

በተለይ በሽያጩ ዋዜማ አታስቀቡ! የሚታይ ጉዳት ልኩ ይታወቃል። ትናንት የተቀባ በር ግን ከሥሩ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም፤ ነጋዴም የማያውቀውን በክፉው ነው የሚገምተው።

የምትናገሩበት ሰዓትም ወሳኝ ነው። እሱ መኪናዋን መዞር ሳይጀምር። ዋጋ ከተጠራ በኋላ የሚነገር እውነት ተገዶ የወጣ ይመስላል። «ትንሽ ነገር ነበረች» ብላችሁም አታድበስብሱ፤ የት፣ ከምን ጋር፣ ማን ጋራዥ እንደተሠራ ንገሩት። የኢንሹራንስ ወይም የትራፊክ ወረቀት ካለ ይዛችሁ ኑ።

ውልና ማስረጃ ሄደን «ያለችበትን ሁኔታ አይቶ ገዝቷል» ብለን ከፈረምን አለቀ የሚሉም አሉ። አላለቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ጉድለቱን እያወቀ ሆን ብሎ የደበቀ ሻጭ ደግሞ እንዲህ ባለ አንቀጽ አይከለልም።

እስካሁን እየሳቅሁ ነው ያወራሁት። ኤርባግ ላይ ስደርስ ግን አልስቅም። ቁልፍ ሲከፈት የኤርባጉ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል ብለን እንጠረጥራለን፤ ያን መኪና ነገ ልጆቹን ጭኖ የሚነዳ ሰው አለ። ኤርባጓ ፈንድቶ ከነበረ ተናገሩ። ዋጋው ይቀንስ።

ኤሌክትሪክ መኪናም እንደዚያው ነው። ባትሪው ከሆዷ ሥር ነው ያለው፣ የመንገዳችንን ድንጋይና ጉብታ ታውቁታላችሁ። ድንጋይ ሆዷን መትቷት ከነበረ፣ ከላይ ምንም ባይታይም ንገሩን። የተጎዳ ባትሪ ቆይቶም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከነገራችሁን ሊፍት ላይ ሰቅለን፣ የሥሩን መሸፈኛ ፈትተን፣ የባትሪውን ሳጥን አብረን እናየዋለን። የቧጨረው መሸፈኛውን ብቻ ሆኖ ከተገኘ ዋጋችሁ ንቅንቅ አይልም።