የፍቅር ልብ ወለድ ያነበበ ሁሉ ይጠፋልን?

ባለፈው እሑድ ማለዳ በየካ በኩል ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ስንወጣ ታናሽ እኅቴ በብብቷ ሥር አንድ መጽሐፍ ይዛ ነበር። «ዳገት ለሚወጣ ሰው መጽሐፍ ሸክም ነው፤ ለምን ከቤት አልተውሽውም?» ብላት፣ «ሃያ ገጽ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ከላይ ስናርፍ እጨርሰዋለሁ» ብላ መለሰችልኝ። ነገሩ ለሰሚው ተራ ይመስላል። ለእኔ ግን ተራ አልነበረም። ይህች ልጅ ከአራት ዓመት በፊት መጽሐፍ ማንበብ እርግፍ አድርጋ ትታ ነበር፤ ያስተዋትም ሌላ ሰው ሳይሆን እኔው ነኝ። ዛሬ ለአንባብያን የማወራው ይህንኑ ጥፋቴንና ከጥፋቴ የተማርሁትን ነው።

በዚያን ጊዜ እኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ሁለተኛ ዓመት ማለት፣ ያለፈበት ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሰው ሁሉን ነገር ያወቀ የሚመስለው ክፉ ወራት ነው። እኅቴ ደግሞ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከሾላ ገበያ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ መጽሐፍ የሚያከራዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩና፣ ከታክሲ ገንዘቧ እየቆጠበች በየሳምንቱ አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ትከራይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ ከትራሷ ሥር ያገኘሁትን መጽሐፍ አወጣሁና፣ ፍቅረኞቹ በዝናብ ውስጥ ቆመው የሚማማሉበትን ገጽ እንደ ቴያትር ተጫዋች ድምፄን እያንቀጠቀጥሁ ለቤቱ ሁሉ አነበብሁት። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እርሷ ግን አልሣቀችም፤ ሲኒውን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

በዚህም አልበቃኝም። «ይህን ገለባ ትተሽ የሚረባ ነገር አንብቢ» ብዬ አንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ መጽሐፉን የሚነቃነቀውን የቴሌቪዥን ጠረጴዛ እግር ደግፎ አገኘሁት። የተከራየችውም ልብ ወለድ ሳያልቅ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። እኅቴም ከዚያን ቀን ወዲህ ምሽቷን ሁሉ ከስልኳ ጋር ሆነች። እናታችን በመጀመሪያ «እሰይ! ልቦለድ ሳያጠፋት ተረፈች» ብላ ነበር። እኔም ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

«ልቦለድ ያጠፋል» የሚለው ቃል በብዙ ቤት የሚሰማ ነው። ወላጅ በልጁ እጅ የፍቅር መጽሐፍ ባየ ጊዜ የሚታየው የፈተናው ውጤት፣ ከዚያም አልፎ የቤቱ ክብር ነው። ስጋቱ ከንቱ ነው አልልም። ባነበበው መጽሐፍ ውስጥ እንዳለው ወንድ የማያለቅስና የማይዘፍን እጮኛ ሁሉ ፍቅር የማያውቅ የሚመስለው ሰው አይቻለሁ። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን፣ ባለጉዳይ በመስኮት ቆሞ ሳለ መሳቢያውን ገርበብ አድርጎ ልብ ወለድ የሚያነብ ባልደረባ የሌለው ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። አለቃ ሲመጣ መሳቢያው ይዘጋል፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ግን አይዘጋም። ነገር ግን ይህ የሰውየው ጥፋት እንጂ የመጽሐፉ ጥፋት አይደለም። ያ ሰው የጸሎት መጽሐፍ ቢያነብም ባለጉዳዩ መቆሙ አይቀርም።

እንዲያውም ነገሩን ከሥሩ ብንመረምረው፣ የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የተወለደው ከፍቅር ጋር ተያይዞ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት፣ ዛሬ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በውስጡ ጦርነት አለ፤ ምርኮ አለ፤ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትሰደድ ቆንጆ አለች፤ ፍጻሜውም ሠርግ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ስለ ጋብቻ ልማድ ሊያስተምሩ በወደዱ ጊዜ ስብከት አልጻፉም፤ የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ ታሪክ ጻፉ። እንግዲህ የፍቅርን ታሪክ የሚንቅ ሰው የገዛ ቋንቋውን ሥነ ጽሑፍ ከመሠረቱ ይንቃል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚታወቀው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ትውልድ ሲለዋወጥ እርሱ አልተለወጠም። ታሪኩ በአጭሩ ቢነገር ከኪራይ መጽሐፍ ታሪክ አይለይም፤ የድኃ ልጅ በዛብህ የባላባት ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ተቀጥሮ ሲያስተምራት ተዋደዱ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ በፍቅረኞቹ ዙሪያ አገር መኖሩ ነው። ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ የገዛ ሕይወቱ የራሱ እንዳልሆነ እናያለን። ፊታውራሪ መሸሻ በትውልዳቸው ኮርተው ልጃቸውን ያለ ባል ሲያስቀሩ፣ ባላገሩ በግብር ሲማረር፣ ጉዱ ካሣም እውነቱን በመናገሩ እንደ እብድ ሲቆጠር እናያለን። አንባቢው ለሁለቱ ልጆች ሲያለቅስ፣ ሳያውቀው የአንድን ሥርዓት መዝገብ ገልጦ አንብቧል።

የፍቅር ታሪክ ከፍ ያለ ዋጋ የተከፈለበትን ሌላ ምሳሌም ልጥቀስ። ባለቅኔው ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን በእስር ቤት ሳለ፣ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ነገ መኖሩን የማያውቅ እስረኛ፣ በባዕድ አገር የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ የወደቀች የአንዲት ሴት የፍቅር ታሪክ ይህን ያህል ድካም ይገባዋል ብሎ ካሰበ፣ እኔ በቡና ሥርዓት ላይ የሣቅሁት ሣቅ ምን ያህል ቀላል እንደ ነበረ አንባቢ ይፍረድ። ይህን ስል መጽሐፉ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። የባርነትን ዘመን አሳምሮ ያሳያል ተብሎ በገዛ አገሩ ብዙ ተወቅሷል። ደግ አንባቢም ማለት ሁለቱን ይዞ የሚያነብ ነው፤ እያለቀሰ ይጠይቃል።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደ ልማዳችን ቡና ላይ ሳለን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነገር ተነሣ። እናቴ «እኔ አላነበብሁትም፤ ግን በሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ሰምቼዋለሁ» አለችና፣ በልጅነቷ ትረካው በደረሰ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ ወዳለበት ቤት እንዴት ይሰበሰብ እንደ ነበር ማውራት ጀመረች። ከዚያም የጉዱ ካሣን ነገር አነሣች። እኅቴ ቀስ ብላ ስልኳን አስቀመጠች። «ከዚያስ?» አለች። እናቴም፣ «ከዚያማ መጽሐፉን ፈልገሽ አንብቢ፤ እኔ መጨረሻው ላይ ማልቀስ አልፈልግም» አለቻት። ልቦለድ ያጠፋል ስትል የኖረች እናቴ ራሷ የልብ ወለድ ልጅ ኖራለች!

በማግሥቱ ወደ ሾላው መጽሐፍ አከራይ ሄድሁ። ያደረግሁትንም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ካዩኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን እሰጥሃለሁ። ግን በመጀመሪያ ያን የሰደብኸውን ይዘህላት ሂድ፤ መጨረሻውን ሳታውቅ ነው የመለሰችልኝ» አሉኝ። ሁለቱንም ይዤ ሄድሁ። የፊተኛውን በሁለት ቀን ጨረሰችው። ስትመልስልኝም፣ «መጨረሻው አይረባም፤ ልጁ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው እንኳ አይናገርም» አለችኝ። እኔ በሣቅና በስድብ ላስተምራት ያልቻልሁትን ፍርድ መጽሐፉን በመጨረስ ብቻ በራሷ ደረሰችበት። ሁለተኛውን ግን ሦስት ሳምንት አነበበችው፤ በመጨረሻዎቹ ቀኖችም ማንም እንዲያናግራት አልፈቀደችም።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ስመርጥ የእኅቴን ጥያቄ መለኪያ አድርጌዋለሁ። ፍቅረኞቹ በምን ይተዳደራሉ? የቤት ኪራይ ይከፍላሉን? እናትና አባት፣ ጎረቤትና አለቃ አላቸውን? የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» የተመለከተ ሰው ይህን ይረዳዋል። አበራ ፍቅር የያዘው ወጣት ብቻ አይደለም፤ ሥዕል እየተመኘ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የሚሰቃይ ሠራተኛ ነው። ከእኛ ከወጣት ሠራተኞች መካከል ራሱን በዚያ ወንበር ላይ የማያየው ስንቱ ነው?

ሌላም ምክር አለኝ። መጽሐፍን በሽፋኑ ሥዕልና በሻጩ ቃል አትግዙ፤ በቁማችሁ ዐሥር ገጽ አንብቡ። ሰዎቹ ሲነጋገሩ በታክሲ ውስጥ እንደምንሰማው ሰው የሚናገሩ ከሆነ ግዙት። ሁሉም እንደ ደራሲው የሚናገሩ ከሆነ መልሱት። ከአንድ ቀላል መጽሐፍ በኋላ አንድ ጠንካራ አንብቡ፤ ጠንካራው ካደከማችሁም ወደ ቀላሉ መመለስ ነውር አይደለም። መቶ ገጽ ሄዳችሁ ምንም ያልሰጣችሁን መጽሐፍ ለመጨረስ አትገደዱ፤ የተማለላችሁት ጋብቻ አይደለምና። ዋጋው ከደመወዛችሁ ጋር የማይስማማ እንደ ሆነም፣ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በልማድ ወመዘክር የምንለው፣ እንዲሁም በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ አካባቢ የተከፈተው አብርሆት አሉ። ከየካ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ከታክሲ ዋጋ የበለጠ አይጠይቅም።

እሑድ ዕለት ከፍ ካለው ቦታ ደርሰን ስናርፍ፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ባሕር ዛፍ የዚህ ተራራ ተወላጅ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባን ከቈረቈሩ በኋላ በዙሪያው ያለው እንጨት አልቆ መናገሻውን እስከ ማዛወር በታሰበ ጊዜ፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ቶሎ አድጎ ከተማዋን አተረፋት። አገር በቀሉ ጽድ ግን ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ግንዱም ዘመን ይሻገራል። ሰዎች ባሕር ዛፍን «መሬት ያደርቃል» ብለው ይወቅሱታል፤ ማታ እሳት የሚያነዱት ግን በእርሱ ነው። ቀላል የፍቅር ልብ ወለድም እንዲሁ ይመስለኛል። ተራራው ሁሉ ባሕር ዛፍ ብቻ ሲሆን ያሳዝናል፤ ነገር ግን ጽዱ እስኪያድግ ድረስ ባሕር ዛፉን ነቅሎ መጣል ቤትን ያለ እሳት ማሳደር ነው። እኔ የእኅቴን ቤት ሁለት ዓመት ያለ እሳት አሳድሬያለሁ።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል እኅቴ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የቀሯትን ሃያ ገጾች ጨረሰች። መጽሐፉ የብርሃኑ ዘሪሁን «የታንጉት ምስጢር» ነበር። ዘጋችውና ቁልቁል ወደ ከተማው እየተመለከተች ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። እንዴት እንዳገኘችው ልጠይቃት ስል መጽሐፉን በእጄ ላይ አኖረችው።

«አሁን ደግሞ አንተ አንብበው» አለችኝ። «ጮኸህ ግን አታንብብ።»