በሰውነት ውስጥ የገባው ማይክሮስኮፕ

ሐኪም ሆድን በሰፊው ቀዶ ኦፕራሲዮን በሚያደርግበት ጊዜ ከዓይኑ ሌላ ጣቱም ይረዳዋል፤ የጠጠረውን ከለሰለሰው በመዳሰስ ይለያል። ዛሬ ግን ብዙ ኦፕራሲዮን የሚደረገው እጅ በማያስገባ ጠባብ ቀዳዳ ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አሾልኮ ነው። ለበሽተኛው ቁስሉ ትንሽ፥ ሕመሙም ቀላል ይሆንለታል። ሐኪሙ ግን በቴሌቪዥን መስተዋት ላይ ብቻ እያየ፥ ካንሰሩ የት እንዳበቃ መወሰን አለበት። አሳንሶ ቢቆርጥ በሽታው ይቀራል። አብዝቶ ቢቆርጥስ? በፕሮስቴት ዕጢ ላይ ለምሳሌ ለወንድነት ኃይል የሚያገለግሉት ነርቮች ዕጢውን ተጠግተው ስለሚያልፉ፥ ጉዳዩ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው።

የቆየው ዘዴ ቁራጭ ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ ልኮ፥ በብርድ አጠንክሮና አሳስቶ ቆርጦ፥ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። እስከዚያው በሽተኛው በማደንዘዣ እንደተኛ ሃያ ደቂቃ ያህል፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። አዲሱ መላ ማይክሮስኮፑን ራሱን ወደ ሥጋው መውሰድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ማርቪን ሚንስኪ የተባለ አሜሪካዊ የአንጎልን ነርቮች ለማየት ፈልጎ፥ ብርሃንን በአንዲት ነጥብ ላይ የሚያሳርፍና ከላይና ከታች የሚመጣውን ብዥታ በጠባብ ቀዳዳ የሚከለክል ማይክሮስኮፕ ሠራ። የፈጠራ መብት እንዲሰጠው እ.ኤ.አ. በ1957 አመልክቶ በ1961 ተፈቀደለት። በጊዜው ብዙ ሰው ልብ አላለውም፤ ሚንስኪም ስሙ የገነነው ለኮምፒዩተር ማሰብን ለማስተማር በመድከሙ ነው። ላዘር ከተስፋፋ በኋላ ግን፥ በ2004 በጀርመን አገር በማይንትስ ከተማ የሚገኙ ሐኪሞች ይህንኑ መሣሪያ በኢንዶስኮፕ ጫፍ አድርገው፥ በሕያው ሰው ትልቅ አንጀት ውስጥ ሴሎችን ማየታቸውን አስታወቁ። በፓሪስ የተሠራው ሴልቪዚዮ ደግሞ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ የብርጭቆ ክሮችን ሦስት ሚሊሜትር በማይሞላ ገመድ አስሮ ያስገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሽተኛው ፍሉዎረሲን የተባለ ቀለም በደም ሥሩ ይወጋል፤ ሰማያዊ የላዘር ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙ ያበራል። (ቆዳውና ሽንቱ ለጥቂት ጊዜ ቢጫ ቢሆን እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ይነገረዋል።) የደኅናው አንጀት ዕጢዎች እንደ ማር እንጀራ ዓይን ተደርድረው ይታያሉ፤ ካንሰር ባለበት ግን ሥርዓቱ ፈርሶ፥ ጠቁሮና ተዘበራርቆ ይገኛል።

በፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ጊዜም መሣሪያው ተሞክሯል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚያየው ስፋት አንድ ሚሊሜትር አይሞላም፤ ጥልቀቱም ከወረቀት ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። በዚያ ላይ ሰውነት ይተነፍሳል፥ ልብም ይመታል፤ ገመዱን አጽንቶ መያዝ ቀላል አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ትልቁ ችግር ሥዕሉን የሚያነበው ሰው ነው፤ ቀዶ ሐኪም ሴል በማንበብ አልሠለጠነምና። ስለዚህ የተቆረጠው ሥጋ ዛሬም ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ የመጨረሻውም ቃል ከዚያ ይጠበቃል።