ቴምፕስፎርድ፦ የሌሊት በረራዎች ሰፈር

ከለንደን በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቤድፎርድሺር እርሻዎች መካከል ቴምፕስፎርድ የተባለ የቀድሞ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ አለ። የእንግሊዝ አየር ኃይል 138ኛና 161ኛ ስኳድሮኖች በ1942 (እ.ኤ.አ.) ገቡበት። ሥራቸው ጀርመን ወደያዘቻቸው አገሮች ሰላዮችንና የጦር መሣሪያን በሌሊት ማድረስ ነበር።

ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ላይሳንደርን ነው፤ ሰላይ ጭና ፈረንሳይ ሜዳ ላይ የምታርፈውን ትንሽ ጥቁር አውሮፕላን። ከዚህ እየተነሣች የምትሄድ ይመስለዋል። አይደለም። ሰፈሯ እዚህ ቢሆንም ባለአንድ ሞተርና ዝግተኛ ናት፤ ሆዷ ሥር ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ቢገጠምላትም መንገዱ ማጠር ነበረበት። ስለዚህ ጨረቃ የምትደምቅበት ጊዜ ሲደርስ ደቡብ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ወዳለው ታንግሜር ትወርድና ከዚያ ትነሣለች። ሰላይዋ ኑር ኢናያት ካን በጁን 1943 ፈረንሳይ የገባችው ከታንግሜር ተነሥታ ነው።

አስተራረፏን ባነበብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። ሜዳው ላይ የሚጠብቀው ሰው ሦስት የእጅ ባትሪዎችን እንጨት ላይ አስሮ ይተክላል። ሁለቱ 150 ሜትር ያህል ተራርቀው በአንድ መስመር ይቆማሉ፤ ሦስተኛው ከሩቁ በስተቀኝ። አብራሪው ብቻውን፣ ካርታ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በጨረቃ ብርሃን ወንዝና ሐዲድ እየለየ ይመጣል። የተስማሙበት የሞርስ ፊደል ከታች ካልበራለት አያርፍም። ከበራለት አርፎ፣ ዞሮ፣ ሰው አውርዶና ጭኖ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሣል። በግራ ጎኗ የተገጠመው መሰላል ለዚሁ ጥድፊያ የተበጀ ነው።

የላይሳንደር ዝና ግን ሌሎቹን አውሮፕላኖች ጋርዷል። ከቴምፕስፎርድ መንደርደሪያ የሚነሡት በአብዛኛው ባለአራት ሞተር ሃሊፋክሶች ነበሩ። እስከ ኖርዌይና ፖላንድ እየዘለቁ ሰዎችን ወለላቸው ላይ ባለው ቀዳዳ በፓራሹት ያወርዳሉ፤ መሣሪያ የታጨቀባቸውን የብረት ሣጥኖችም ይጥላሉ። ለመጣል ዝቅ ብለው መብረር ስላለባቸው አደጋው ከባድ ነበር፤ ሳይመለሱ የቀሩት ብዙ ናቸው።

ዛሬ ጎልቶ የሚታየው የጂብራልታር እርሻ ጎተራ ነው። ተጓዦች የመጨረሻውን ትጥቅ የሚረከቡት እዚያ ነበር፤ ማረፊያው ከአየር ሲታይ ተራ እርሻ እንዲመስል የተተወ ቤት ነው። እኔ ስሄድ ግድግዳው ሥር የአበባ ጉንጉን አግኝቻለሁ፤ በአዝመራው መካከል አቋርጠው ፎቶ የሚያነሡ ጎብኚዎችንም አይቼ አዝኛለሁ። መሬቱ የገበሬ ነው፤ የእግረኛ መንገድ ስላለ በእሱ መሄድ ይበቃል።

መንደሩ ውስጥ በ2013 የቆመው መታሰቢያ ወደ ጠላት ምድር የተላኩትን ሴቶች ያስባል። እነሱን ካሰብን በሃሊፋክስ የወሰዷቸውንም በስማቸው እናስብ። የታንግሜርን ለታንግሜር፣ የቴምፕስፎርድን ለቴምፕስፎርድ መስጠት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።