የተማሪዎች የክፍል ውስጥ ሥነ ሥርዓት አያያዝና የመምህራን ራስን የመገምገም አሠራር

በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሠ) መሠረት ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት አለው። ሕገ መንግሥቱ ከጸናበት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አርጩሜ በክፍል ውስጥ ሕጋዊ ቦታ የለውም። ይሁን እንጂ ዱላ መከልከሉ ብቻውን፣ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ሁከት ሲነሣ መምህሩ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም።

በዱላ ምትክ በስፋት የሚሠራበት ቅጣት «ወላጅ አምጣ» የሚለው ነው። ቅጣቱ ቀላል ይመስላል፤ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን ክብደቱ ሌላ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ከሚማሩት መካከል ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤት እያመላለሱ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። ከክፍል የተባረረው ተማሪ ወላጁን ለማምጣት ወደ አገሩ መመለስ አለበት። ጊዜው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ከሆነ ደግሞ ጤፍ የሚታጨድበትና በርበሬ የሚሰበሰብበት ወቅት በመሆኑ አባት ሥራውን ጥሎ መምጣት ይቸገራል፤ ልጁም በዚያው ለሥራ ሊቀር ይችላል። በአንድ ክፍለ ጊዜ መረበሽ የተጀመረ ጉዳይ ትምህርት በማቋረጥ ይፈጸማል። ስለዚህ ወላጅ የሚጠራው ሌላው አማራጭ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ፣ በተቻለ መጠንም በገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል። ተማሪው ወላጁን እየጠበቀ ከትምህርት ገበታ የሚርቅበት ምክንያት የለም።

ከዚያ በፊት መታየት ያለበት የመምህሩ የራሱ አሠራር ነው። ጫጫታው ዘወትር የሚነሣው ረጅም ማስታወሻ ከሰሌዳ በሚገለበጥበት ሰዓት ከሆነ፣ መንሥኤው ከተማሪው ጠባይ ይልቅ የትምህርቱ አቀራረብ ሊሆን ይችላል። ከኋላ የሚቀመጡት ብቻ የሚረብሹ ከሆነ ሰሌዳው ይታያቸው እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የሚያንቀላፋው ልጅ ከማለዳ ጀምሮ በእግሩ ተጉዞ የመጣ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ተቋርጦ በቆየባቸው አካባቢዎች የሚመለሱ፣ ዕድሜያቸው ከክፍሉ የላቀ ተማሪዎች በእኩዮቻቸው ፊት መገሠጻቸው ይበልጥ ያሸሻቸዋል፤ ከክፍል በኋላ ለብቻ ማነጋገር ይሻላል።

ይህ ዓይነቱ ራስን መፈተሽ ለመምህሩ በጎ ፈቃድ ብቻ የተተወ አይደለም። በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ መርሐ ግብር እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ሙያውን ለማሻሻል እንዲያውል ይጠበቃል፤ አዲስ ተቀጣሪም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በነባር መምህር ይደገፋል። ባልደረባን ክፍል ገብቶ መመልከትና በክፍል ችግር ላይ ተግባራዊ ምርምር ማካሄድ የዚሁ አካል ናቸው። ሆኖም ሰነዱ ለፋይል ብቻ ከተሞላ ሰዓቱ ባክኗል።

ለዱላ መከራከሪያ የጥንቱን የቆሎ ትምህርት ቤት የሚጠቅሱ አሉ። በቅኔው በሚታወቀው ጎጃም ከዚያ ሥርዓት መወሰድ ያለበት ግን ቀድሞ የተማረው ደቀ መዝሙር ተከታዩን ማስቀጸሉ ነው። ትልልቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን እንዲያግዙ ኃላፊነት ሲሰጣቸው የሚረብሹበት ምክንያት ይቀንሳል።

ልጁ የተደበደበበት ወይም ያለ አግባብ የታገደበት ወላጅ በቅድሚያ ለክፍል ኃላፊው መምህርና ለርዕሰ መምህሩ ያመለክታል። መፍትሔ ካላገኘ ጉዳዩን ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት፣ ቀጥሎም ለወረዳው ወይም ለከተማ አስተዳደሩ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ፍኖተ ሰላም ለሚገኘው የዞኑ ትምህርት መምሪያ ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው ቀኑን፣ የተፈጸመውን ድርጊትና በቦታው የነበሩትን ቢጠቅስና በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። በልጁ አካል ላይ ጉዳት ከደረሰ ግን ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወላጁ ልጁን ወደ ጤና ተቋም ወስዶ የሕክምና ማስረጃ በመያዝ በቀጥታ ለፖሊስ ማመልከት ይችላል።