ማርቆስ ብቻ በነበረ ጊዜ
የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም

(ድምፅ፦ የሶዶ ገበያ ጫጫታ፣ የባጃጅ ጥሩምባ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ተራኪ፦ ሚያዝያ 1929 ዓ.ም.። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ኦቶና ከተባለው ስፍራ፣ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ጓዛቸውን ጭነው ሶዶን ለቀቁ። ያስወጣቸው የጣሊያን ወራሪ ነው። 19 አዋቂዎችና 7 ሕፃናት ነበሩ። በወላይታ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ደግሞ 48 ብቻ።

ለእነዚህ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው የተረፈላቸው የማርቆስ ወንጌልና ከሌሎች የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች የተመረጡ ጥቂት ንባቦች ነበሩ። ማንበብ የሚችለውም ከመካከላቸው ጥቂቱ ነው።

ጣሊያን ተባርሮ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ሕዝብ፣ በራሳቸው ግምት፣ ወደ 10,000 ይደርሳል። ይህ ቁጥር በየስብከቱና በየመጽሐፉ ሲነገር ኖሯል፤ ሬይመንድ ዴቪስ የተባለው ሚስዮናዊም እ.ኤ.አ. በ1966 ለዓለም አንባቢ አድርሶታል። ይነገር፤ ክፋት የለውም። ግን ቁጥሩ ላይ ብዙ ስንደነቅ አንዱን ጥያቄ እንዘልለዋለን። ሚስዮናዊ በሌለበት፣ መጽሐፉም ከአንድ ወንጌል ብዙም በማይዘልበት በእነዚያ ዓመታት ያን ሁሉ ሰው ማን አስተማረው? በምንስ?

(ድምፅ፦ የወላይትኛ መዝሙር፣ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ፤ ከተራኪው ሥር ይቀጥላል)

ተራኪ፦ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ሚስዮናውያኑ ከመምጣታቸው አስቀድሞ ኤሳ ላሌ የሚባል ሰው ከጋሞ ደጋ ተነስቶ ወላይታን ዞሯል። ለመናፍስት መሠዋት ይቅር፣ አንዱን ፈጣሪ፣ ፆሳን ብቻ ለምኑ ይል ነበር። ሕዝብ ተከተለው፤ ባለሥልጣናት አሰሩት። በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው ቡድን ከአዲስ አበባ ወጣ። ሐሳባቸው ጅማ ነበር፤ መንገዱ ወደ ወላይታ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሲዳማ አደረሳቸው። በወላይታ የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው። ሚስዮናውያኑ እስኪባረሩ ድረስ የቀረው ጊዜ አራት ዓመት አይሞላም።

ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ፣ አንባቢ በጠፋበት አገር መጽሐፍ የሚጠናው በጆሮ ነው። አንዱ ያነባል፣ የተቀረው ይሰማል፣ ይደግማል፣ ቤቱ ሄዶ ለሚስቱና ለልጆቹ ይናገራል። ነገ ሲጠየቅ መልስ ካጣ አልሰማም ማለት ነው። ማርቆስ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ወንጌል ነው፤ 16 ምዕራፍ፣ ከአራቱ ወንጌላት አጭሩ፣ ነገሩ ሁሉ ጉዞና ተግባር። ለመጠመቅ የሚፈልግ ሰውም እንዲሁ ውኃ ውስጥ አይገባም፤ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ስለ እምነቱና ስለ ኑሮው ይመረመራል። ማጥናትና መታዘዝ ሁለት ክፍል ሆነው አልተለያዩም፤ ፈተናው አንድ ነበር።

ዋጋም አስከፍሏል። ጣሊያኖች ጸሎት ቤቶች አፈረሱ፣ መሪዎችን አሰሩ። ከመጀመሪያዎቹ መሪዎች አንዱ የሆነው ዋንዳሮ ታስሮ ተገርፏል። ከዚያም በኋላ የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ እስከ ኣሪ ድረስ ሄዱ። ቋንቋው ሌላ፣ አገሩ ሌላ፤ የሚያውቁት የማስተማር ዘዴ ግን ያው ራሳቸው የተማሩበት ነው።

(ድምፅ፦ ፊደል የሚቆጥሩ ሰዎች፤ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ...»)

ተራኪ፦ በነሐሴ 1936 ዓ.ም. መንግሥት ስለ ሚስዮኖች ደንብ አወጣ። የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ይሁን፣ የአካባቢው ቋንቋ ለጅማሬው ብቻ ያገልግል የሚል ነው። ስለዚህ የወላይታ አማኝ ለብዙ ዓመታት በአማርኛ እያነበበ በወላይትኛ ሲጸልይ ኖረ። የወላይትኛው አዲስ ኪዳን ሙሉ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ደንቡ በደል ነበር ቢባል እውነት ነው። ያም ሆኖ ጥናቱን አላዳከመውም፤ በአማርኛ ያነበበውን በእናቱ ቋንቋ ማስረዳት ያለበት ሰው፣ ሳይገባው ማለፍ አይችልምና።

በደርግ ዘመን በወላይታ ብዙ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች ተዘጉ፣ መሪዎችም ታሰሩ። ጥናቱ ወደ ሳሎንና ወደ ጓዳ ገባ። እዚህ ላይ ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር እንበል፤ መጽሐፍን በቃል መያዝና ከመምህር አፍ መቀበል ለዚህች አገር አዲስ አይደለም። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የአንድምታ፣ ማለትም የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ መምህራን ለዘመናት ያደረጉት ይህንኑ ነው። የወላይታው ልዩነት ጥናቱ የሊቃውንት ሳይሆን የገበሬው፣ የእናቶችና የወጣቶች መሆኑ ነበር።

(ድምፅ፦ የኮንፈረንስ ድምፅ ማጉያ፣ «አሜን» የሚል ሕዝብ፤ በድንገት ይቆማል)

ተራኪ፦ ዛሬስ? መጽሐፍ ቅዱስ በስልክ ውስጥ አለ፤ በወላይትኛ፣ በአማርኛ፣ በፈለጉት ትርጉም። ኮንፈረንሱ ይሞላል፣ መዝሙሩ ያማረ ነው፣ ሰባኪው ከሩቅ ተጋብዞ ይመጣል። አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ተናግሮ ሺህ ሰው «አሜን» ሲል ግን ያ ጥናት አይባልም። ማንም አልተጠየቀምና። ዛሬ ትንቢት ሻጩና የብልጽግና ሰባኪው በቀላሉ የሚገቡት በዚህ ክፍተት ነው፤ ጥቅሱን ከነምዕራፉ አውቆ «ከፍ ብሎ ምን ይላል?» የሚል ሰው ባለበት ቤት ብዙ አይቆዩም።

ተስፋ የለም ማለት አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኅብረቶች ምልከታ፣ ትርጓሜ፣ ተዛምዶ እያሉ በትንንሽ ቡድን ያጠናሉ፤ ምን ይላል፣ ምን ማለት ነው፣ ምን ላድርግ። ስያሜው ዘመናዊ ነው። ሥራው ከማርቆስ ዘመን ሰዎች ሥራ አይለይም፤ ቡድኑ ከ12 ሰው ሲያልፍ ግን መልስ የሚሰጡት ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት ሰዎች እንደሚሆኑ ጥናት የመራ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ አጥቢያዎች ከአዲስ አዳራሽ በፊት የጥናት መሪዎችን ቢያሠለጥኑ ይሻላል።

አድማጮቻችን፣ በቤታችሁ ወይም በአጥቢያችሁ በጉልምስና ፊደል ቆጥረው መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ የጀመሩ አረጋውያን ካሉ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅረጹ። መጀመሪያ የተማሩት የትኛውን ምዕራፍ እንደሆነ፣ ማን እንዳነበበላቸው፣ እነርሱስ ለማን እንዳነበቡ ጠይቋቸው።